አንብብልኝ አሉኝ

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንድ ወጣት ብስኩት አንስቶ "ሐላል ብሎ መጻፍ ምን ያስፈልጋል? ሥጋ ነው እንዴ?" አለ። ከኋላዬ የቆሙ እናት "እኔ ልጄ፣ የምገዛው እሱን አይቼ ነው" አሉት። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ።

ልጁ በክፋት የተናገረ አይመስለኝም። ሥጋ ላይማ ለምደነዋል። የሙስሊም ሥጋ ቤት፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤት፣ አለቀ። የታሸገ ነገር ግን ሌላ ነው። ለስላሳ ከረሜላ ውስጥ የሚገባው ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ቆዳና አጥንት ይሠራል። ብስኩት ውስጥ የሚገባው፣ ዘይትና ውሃን የሚያዋህደው ኢ471 የሚባለው ተጨማሪ ንጥረ ነገር ደግሞ ከአትክልት ዘይትም ከእንስሳ ስብም ሊመጣ ይችላል። ቁጥሩ ብቻ አይለየውም። ታዲያ እኚህ እናት በምን ይወቁ?

እኔ ክርስቲያን ነኝ። በዐቢይ ጾም ብስኩት ስገዛ የወተት ዱቄት አለበት ወይ ብዬ ጀርባውን አገላብጣለሁ። ሙስሊሟ ጎረቤቴ እንኳ ቡና ስትጠራኝ "ብላ፣ ወተት የለበትም፣ አንብቤዋለሁ" ትለኛለች። ይህን ስታደርግልኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ!

ውሃና ጨው ላይ ምልክቱ ቢቀር ግድ የለኝም። ከረሜላ ላይ ግን ይጻፍ፣ በትልቁ ይጻፍ።

ወጣቱ ከፍሎ ወጣ። እናትየዋ ለልጅ ልጃቸው የያዙትን ከረሜላ ሰጡኝና "አንብብልኝ" አሉኝ። ጽሑፉ በማላውቀው ቋንቋ ነበር። መልሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።