የራሷን አፍንጫ ነካች

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት ነው። ሽሮ እያጎረስኳት አፍንጫዋን ነካት። ሳልጠርግላት አቅፌ ወስጄ የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት አቆምኳት። ከወራት በፊት እዚያው መስታወት ውስጥ ያለችውን ልጅ "ነይ" እያለች ትስማት ነበር፤ ያን ቀን ግን ዝም ብላ አየችና እጇን ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ ራሷ አፍንጫ ሰደደች። እንባዬ መጣ።

ይህን ሙከራ ቢዩላ አምስተርዳም የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ጽፋበታለች። የሕፃናቱ አፍንጫ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ መስታወት ይታያሉ። ብዙዎቹ መስታወቱ ውስጥ ያሉት እነሱ ራሳቸው መሆናቸውን አውቀው የራሳቸውን አፍንጫ መንካት የሚጀምሩት ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን "የኔ ነው!" ብቻ ሆነ። ኩባያው የኔ፣ ጫማው የኔ፣ አያቷ እንኳን የኔ። ጎረቤታችን "ይቺ ልጅ ስስታም ልትሆን ነው" ስትለኝ ከፋኝ። ስስት አይደለማ! እኔ ማለትን የምትለማመደው በዚህ ነው፤ የራሷ የሆነውን ሳትለይ እንዴት ታካፍል?

ትናንት አባቷ ሊያጫውታት ብሎ በእህቱ ልጅ ስም ጠራት። ቀና ብላ አየችው። ደረቷን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ "እኔ!" አለችው።