መሰላሉ

ከትናንት ጀምሮ ደብቶኛል። ምክንያቱን አላውቅም ልል ነበር፤ ግን አውቀዋለሁ። ሁሌ የምቀመጥበት ሻይ ቤት ግድግዳው ክሬም ቀለም ተቀብቷል። ፏፏቴው የለም። አጠገቡ ቆማ አንገቷን ወደኛ ታዞር የነበረችው ሚዳቋም የለችም። ያቺን ሚዳቋ እናንተም ታስታውሷታላችሁ፤ አንዱ እግሯ ከሌሎቹ ያጥር ነበር። አስተናጋጇን «ማን ነበር የሳላት?» አልኳት። «እኔ ስቀጠርም ነበረች» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ማታ ራቴን ሳልበላ ስለ ቴዎፍሎስ ሳስብ አመሸሁ።

ቴዎፍሎስ ሐጂሚካኤል ግሪካዊ ሠዓሊ ነው። የተወለደው ሌስቦስ ደሴት ላይ፣ ቫሪያ በምትባል መንደር ነው። የእናቱ አባት ቅዱሳት ሥዕላትን የሚስሉ ሰው ነበሩ። በወጣትነቱ በሰምርኔስ፣ በዛሬዋ ኢዝሚር፣ የግሪክ ቆንስላ በር ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል። ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ ቮሎስ የምትባል የግሪክ የወደብ ከተማ ገባ። እዚያና በፔሊዮን ተራራ መንደሮች 30 ዓመት ያህል ኖረ።

የሚስለው ግድግዳ ላይ ነበር። ዳቦ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ሱቅ፣ የሰው ሳሎን። ብዙ ጊዜ ክፍያው አንድ ሳህን ምግብና ትንሽ ወይን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር የ1821ን የግሪክ የነጻነት ጦርነት ጀግኖች ይስላል። ታላቁ እስክንድርን ይስላል፤ ያንን አባቶቻችን በግዕዝ ታሪኩን የጻፉለትን እስክንድር። ከሥዕሉ ሥር ማን እንደሆነና ምን እያደረገ እንደሆነ ይጽፍበታል። የፊደል ግድፈት ሞልቶታል። እኔ ግን ያ ጽሑፍ ሆዴን ያባባኛል። የሚያየው ሰው እንዳይሳሳትበት የሚጨነቅ ሰው ጽሑፍ ነው።

ሌላው ሰው ሱሪና ኮት ሲለብስ እሱ ፉስታኔላ የሚባለውን የድሮ ጀግኖች ሽንሽን ነጭ ቀሚስ ለብሶ ይዞር ነበር። በካርኒቫል ጊዜ ደግሞ ራሱ እስክንድር ይሆንና ልጆቹን ወታደሮቹ ያደርጋቸዋል። ሰው ይስቅበት ነበር። እኔ ሳስበው ግን የሚስለውን ነገር ከልቡ ያመነ ሰው ነው የሚታየኝ። ጀግኖቹን በቀለም ብቻ መሳል አልበቃውም።

የወደዱትም ነበሩ። ያኒስ ኮንዶስ የሚባል ባለጸጋ ቮሎስ አጠገብ አናካስያ የሚገኘውን ቤቱን ከፈተለት፤ ቴዎፍሎስም በ1912 እ.ኤ.አ. ግድግዳውን በጀግኖች ሞላለት። ያ ቤት ዛሬም አለ፤ ሙዚየም ሆኗል። ሌሎቹ ብዙዎቹ ግድግዳዎች ግን ፈርሰዋል፣ ተለስነዋል።

ከሁሉም የማይወጣልኝ የመሰላሉ ነገር ነው። አንድ ቀን ቡና ቤት ውስጥ መሰላል ላይ ሆኖ ሲስል፣ አንዱ ሰው ለማሳቅ ብሎ መሰላሉን ሳበው ይባላል። ወደቀ። ቮሎስን ትቶ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ ደሴቱ የተመለሰው በዚያ ምክንያት ነው ይላሉ። እዚያም ቢሆን መሳሉን አልተወም፤ ያው ለምግብና ለወይን።

በኋላ የዚያው ደሴት ልጅ፣ ፓሪስ ውስጥ የሥነ ጥበብ መጻሕፍት የሚያሳትመው ቴሪያድ አገኘው። ሸራና ቀለም ገዛለት፤ «በል ሥዕልህን ሳል» አለው። ሳለ። ብዙም አልቆየ፤ መጋቢት 1934 እ.ኤ.አ. ሞተ። ቴሪያድ ቫሪያ ላይ በስሙ ሙዚየም አሠራለት፤ 86 ሥዕሎች አሉበት። በ1961 እ.ኤ.አ. ሥዕሎቹ ፓሪስ በሉቭር ቤተ መንግሥት ታዩ። ሴፌሪስና ኤሊቲስ፣ ሁለቱ የግሪክ የኖቤል ባለቅኔዎች፣ አወደሱት። ሉቭር ሲታዩ ግን እሱ ከሞተ 27 ዓመት ሆኖት ነበር።

እኔ ልቤ አሁንም ያ ቡና ቤት ነው። ሰውየው በማግስቱ መጥቶ ቡናውን ጠጥቷል መቼም። የተቀመጠውም እዚያው ግድግዳ ሥር ይሆናል። ቴዎፍሎስ የት ድረስ ስሎ ነበር የወደቀው? ፈረሱን ጨርሶ ፈረሰኛው ቀርቶት ይሆን? ያንን ግድግዳስ በኋላ ማን ጨረሰው?