«እህቴ፣ አንድ ሊትር ስንት ነው?»፦ ስድስት ወር ከኮሌራ ፖስተር ጋር

ሰላም ጓደኞች። የኮሌራ ማስተማሪያ ልሠራ ነው ካልኳችሁ ስድስት ወር ሞላኝ። እንዴት እየሄደ ነው ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ።

በበጎ ፈቃድ የምንሠራው አራት ሆነን ነው፤ መተማ። አንዷ ነርስ ናት። አንዱ አስተማሪ፣ ሌላው ሱዳን ያደገ ሹፌር ነው። ሥዕሉንና ጽሑፉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

መተማን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ክረምት ሲገባ ለሰሊጥ አረም የቀን ሠራተኛ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። የሚያድረው እርሻው ላይ በዳስ ነው። ሽንት ቤት የለም፣ ውሃው የወንዝ ነው። በ2015 ክረምት ጎረቤታችን ቋራ፣ ጸበል ቦታ ላይ ኮሌራ ተነስቶ ነበር። በዚያው ክረምት ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች ያረፉበት ኩመር መጠለያም ገባ። ስለዚህ አንዱ መልእክት ለአራሚውም፣ ለጸበልተኛውም፣ ለሱዳናዊቷ እናትም፣ ለጉሙዝ ጎረቤቶቻችንም መድረስ አለበት።

የመጀመሪያውን ፖስተር በሚያዝያ ጨረስኩ። «አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ» ይላል። ኦአርኤስ በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት ነው። ከጎኑ ማንቆርቆሪያ ሥያለሁ። በጣም ወድጄው ነበር።

መናኸሪያ ይዘነው ሄድን። ነርሷ አንድ ነገር መከረችኝ፦ «ገባችሁ ወይ ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም ገባኝ ነው የሚልሽ። አሳዩኝ በያቸው።» ፓኬት፣ ውሃ፣ ጣሳና ባዶ ሃይላንድ አስቀመጥን። ከሰቆጣ የመጣ ልጅ ፖስተሩን ቀስ ብሎ አነበበ። ማንበብ ይችላል። ከዚያ ጣሳውን አንስቶ ውሃ ሞላና ፓኬቱን እንዳለ ገለበጠበት። አማሰለው። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አየ መሰለኝ፣ «እህቴ፣ አንድ ሊትር ስንት ነው?» አለኝ።

ይሄ ቀላል ስሕተት አይደለም። ውሃው ሲያንስ ጨውና ስኳሩ ይበዛል፤ የታመመን ሰው፣ በተለይ ሕፃንን፣ ይጎዳል። ውሃው ሲበዛ ደግሞ የሚፈለገውን ያህል አይጠቅምም። በዚያ ቀን ካሳየናቸው አስራ ሁለት ሰዎች በትክክል የበጠበጡት አራት ብቻ ናቸው።

ማንቆርቆሪያውን አጥፍቼ ሃይላንድ ሣልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት «የትኛው ሃይላንድ? የሁለት ሊትርም አለ እኮ» አለችን። እውነቷን ነው። ስለዚህ የአንድ ሊትሩን ጠርሙስ በእውነተኛ ቁመቱ ሣልኩት። ሰው የራሱን ጠርሙስ ሥዕሉ ላይ አስደግፎ ይለካል። ለዚህ ስል ወረቀቱን ከኤ ፎር ወደ ኤ ስሪ አሳደግኩት፤ የማተሚያው ዋጋ ጨመረ። ቢጨምርም አልቆጨኝም። ከዚያ በኋላ ፓኬቱን ጣሳ ላይ የገለበጠ አላጋጠመንም።

ስሙም አስቸግሮናል። ለዓመታት በይፋ «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲባል ነው የኖረው። ረቂቁ ላይ እኔም እንደዚያው ጽፌ ነበር። ገበያ ያገኘናቸው ሁለት እናቶች «አተትማ ቀላል ነው ልጄ፣ የሚገድለው ኮሌራ ነው» አሉኝ። አሁን በትልቁ «ኮሌራ» ብለን እንጽፋለን። ከሥሩ «እንደ ውሃ የቀጠነ፣ ነጣ ያለ ተቅማጥ» ይላል። በሰዓታት ውስጥ ሊገድል እንደሚችል አልደበቅንም። ግን እዚያው አጠገቡ፣ በእኩል ፊደል፣ ቶሎ የታከመ እንደሚድን ጽፈናል። መጀመሪያ የሣልኩትን የራስ ቅል አወጣሁት። የፈራ ሰው በሽተኛውን ጤና ጣቢያ አያመጣውም፣ ይደብቀዋል።

ያሳፈረኝን ነገርም ልንገራችሁ። በሽታው እንዴት እንደሚመጣ ለማሳየት ጆንያ የተሸከመ የቀን ሠራተኛ ሥዬ ነበር። አንዱ አራሚ ቆሞ አየውና «በሽታው እኛ ነን ማለት ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሥዕሉ ማስቀየሙ ሳያንስ ውሸትም ነው። ተሐዋሲው የገባበት ብዙ ሰው ምንም አያመውም። ግን ከአንድ እስከ አስር ቀን በሰገራው ይወጣል። ያ ሰው ነጋዴም፣ አስተማሪም፣ እኔም ልሆን እችላለሁ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ያለው ሥዕል ሜዳ ላይ የተጣለ ሰገራ፣ ዝናብና ወንዝ ነው።

ለሱዳናውያኑ በዐረብኛ ስናዘጋጅ ጽሑፉን ቀየርን፣ ሥዕሎቹን እንደነበሩ ተውናቸው። ሹፌራችን ገና ሲያየው ሳቀ። ዐረብኛ ከቀኝ ነው የሚነበበው፤ ስለዚህ ሰውዬው መጀመሪያ ይጠጣል፣ ቀጥሎ ይበጠብጣል፣ መጨረሻ ላይ ፓኬቱን ይቀድዳል። የሥዕሎቹን ተራ ገለበጥነው።

ከሁሉም ያሳሰበኝ ፍልሰታ ነበር። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ዝናቡም ጸበልተኛውም የሚበዛበት ጊዜ። ነርሷ ካለፉት ዓመታት የምታውቀው ነገር አለ። በተቅማጥ የደከመ ሰው ኦአርኤስ ሲሰጡት «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ» ይላል። ኮሌራ ዘጠኝ ሰዓት አይጠብቅም። ይሄን እኔ ብጽፈው ማን ይሰማኛል? ወደ አንድ አባት ሄድን። ገና ሳልጨርስ «ልጄ፣ የታመመ መድኃኒት ቢወስድ ጾም ሻረ አይባልም፤ እኔው እናገረዋለሁ» አሉ። ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ከመሰናበቱ በፊት ተናገሩት። ስለ ጸበሉ ራሱ አንድም ቃል አልጻፍንም። የጻፍነው ለመጠጥና ለምግብ ስለሚቀዳው ውሃ፣ ከሽንት ቤት መልስ እጅን በሳሙና ወይም በአመድ ስለ መታጠብ ነው። አባም ያንኑ አሉ። በድምፅ ቀድተነው ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቷል። ከፖስተሬ ይልቅ ርቆ የሄደው እሱ ነው።

አሁን የያዝነው የጉሙዝኛውን የድምፅ መልእክት ነው። የምትቀዳልን ወጣት ከወረቀት እንድታነብ አላደረግንም፤ ገብቷት በራሷ አነጋገር ነው የተናገረችው። ከዚያ ቅጂውን ስለ ሥራው ምንም ለማያውቅ ሌላ የቋንቋው ተናጋሪ አሰማነውና የሰማውን በአማርኛ መልሶ እንዲነግረን ጠየቅነው። የእጅ መታጠቡ፣ የበሽታው ምልክት፣ ኦአርኤሱ ልክ ነው። ውሃ አጋር፣ ማለትም ውሃ የሚያክመው ክሎሪን፣ ላይ ስንደርስ ግን «ውሃውን ግማሽ ሰዓት አፍሉት» አለን። እኛ ያልነው 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ከጨመራችሁ በኋላ ሳትጠጡ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ ነው። እንጨት እንደልብ በማይገኝበት ዳስ ግማሽ ሰዓት አፍሉ ማለት፣ ተዉት እንደማለት ነው።

ቅዳሜ ያቺን ክፍል እንደገና እንቀዳለን። በዚህ ጊዜ እውነተኛ ጀሪካን ፊቷ አስቀምጠን፣ እየሠራች እንድትናገር ነው ያሰብነው። ከእናንተ መሀል ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የኦአርኤስ አበጣጠር በድምፅ ያዘጋጀ ካለ፣ ልኬቱን እንዴት እንደገለጻችሁት ጻፉልኝ። በእጅ ዳሰሳ የሚለካበት መንገድ እየፈለግሁ ነው።