ሞተር ተቀየረ፣ ኪሎሜትሩ ሞተ

የኔ ኮሮላ የካርቡሬተር ነበረች። ሞተሯ ዘይት መብላት ሲጀምር ሶማሌ ተራ ወርጄ 5ኤ የሚባለውን የቶዮታ ኢንጄክሽን ሞተር (ነዳጁን በኮምፒዩተር የሚረጭ) ከነካምቢዮው፣ ማለትም ከነማርሽ ሳጥኑ፣ ገዛሁላት። ተገጠመ፣ ተነሳች፣ ጉልበቷም ሌላ ሆነ። ግን ቀለበት መንገድ ላይ እየሮጠች የፍጥነት ጌጁ ዜሮ ላይ ተኝቷል።

መካኒኩ «ምን ችግር አለው፣ በስልክህ ጂፒኤስ ንዳ» አለኝ። እንደዛ የሚነዳ ሰው ሞልቷል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የትራፊክ መብራት ጋ ስደርስ ፎሌ ሳደርጋት (ከማርሽ ሳወጣት) ሚኒሞው፣ ማለትም ቆማ ስትሠራ ያላት የሞተር ዙር፣ ይወርድና ድርግም ብላ ትጠፋለች። ቼክ ኢንጂንም (የሞተር ችግር ማስጠንቀቂያ መብራቱ) በርቷል፣ ኮዱ ሲነበብ 42 ነው፤ በዚህ ሞተር ዘመን ቶዮታዎች ላይ ኮድ 42 ማለት ኮምፒዩተሩ የፍጥነት ሲግናል አጥቷል ማለት ነው። ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮው ካምቢዮ ውስጥ ትንሽ ጥርስ ገመድ ታዞራለች፣ ገመዱ ደግሞ ጌጁን። በጃፓኖቹ ደረጃ ገመዱ በኪሎሜትር 637 ጊዜ ይዞራል። አዲሱ ካምቢዮ ላይ በገመዱ ቦታ ባለ 3 ሽቦ ሴንሰር አለ። በአንድ ዙር 4 ምት (የኤሌክትሪክ ትርታ) ይልካል፣ ስለዚህ በሰዓት 60 ስትነዱ በሰከንድ 42 ገደማ ምት ነው። ያንን ምት ጌጁም ኮምፒዩተሩም ይፈልጉታል። የኔ ጌጅ ግን የሚያውቀው ገመድ ብቻ ነው፣ የሴንሰሩ ሶኬትም ከሥር ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ሴንሰሩን ነቅሎ የድሮውን ገመድ መግጠም ይቻል ነበር። ያኔ ጌጁ ይሠራል፣ ኮምፒዩተሩ ግን እንደታወረ ይቀራል። ስለዚህ የኤሌክትሮኒክስ ጌጅ ፈልጌ ገዛሁ። ተገጠመ። አሁንም ዜሮ!

እዚህ ላይ ሴንሰር ለመግዛት አትሩጡ፣ መጀመሪያ ቴስተር አውጡ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ቁልፉን ኦን አድርጉ። አንዱ ሽቦ ላይ 12 ቮልት፣ ሌላው ላይ ደህና ኔጌቲቭ መኖር አለበት። ሦስተኛው የሲግናሉ ነው፤ እሱ ላይም ከጌጁ ወይም ከኮምፒዩተሩ የሚመጣ 5 ወይም 12 ቮልት ይታያል፣ ምክንያቱም ሴንሰሩ ራሱ ቮልት አይልክም፣ የመጣለትን ወደ ኔጌቲቭ እየጣለ ነው ምቱን የሚፈጥረው። የኔው ሲግናል ሽቦ ባዶ ነበር። ዳሽቦርዱ ሥር ሲታይ ጫፉ በቴፕ ተጠቅልሎ ተቀምጧል! ከጌጁም ከኮምፒዩተሩም ጋር ተቀጠለ።

ከዚያ ሴንሰሩን መፈተን። ፊት የምትነዳ መኪና ላይ ሁለቱንም ጎማ በክሪክ አታንሱ። አንዱን ስታዞሩት ሌላው በተቃራኒው ይዞርና ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው፣ ሴንሰሩንም የሚያዞረው ዲፈረንሻል ባለበት ይቆማል፤ እናንተም ሴንሰሩ ሞቷል ብላችሁ ትጥላላችሁ። አንዱን ጎማ መሬት ላይ ተዉት፣ ካምቢዮው ፎሌ ይሁን፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉና የተነሳውን በእጅ አዙሩ። ሶኬቱ ተሰክቶ ሲግናል ሽቦው ላይ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ካለ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። የኔው ጤነኛ ነበር።

አሁን ጌጁ ይሠራል፣ መብራት ላይም አትጠፋም። ከጂፒኤስ ጋር ትንሽ ልዩነት አለው፣ እሱ ከጎማ ነው። 155/80 ባለ 13 ቼርኪዮ አውጥታችሁ 185/65 ባለ 14 ስታስገቡ ጎማው 3 በመቶ ገደማ ይተልቃል፣ ጌጁም ያን ያህል አሳንሶ ያነባል። ልዩነቱ ከዚህ በጣም ከሰፋ ግን የሴንሰሩን ጥርስ ቁጥር እዩ።

ሞተር ልትገዙ የምትሄዱ ካላችሁ ሻጩን ጌጁንና የሽቦውን ጥቅል አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት፣ በኋላ ለብቻው መፈለግ አበሳ ነው። ካምቢዮው ላይ የሴንሰር ቦታ መኖሩንም እዩ። ብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ፍጥነቱን ከጎማው የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሲስተም) ሴንሰር ነው የሚወስዱት፣ ካምቢዮው ላይ ምንም የለም።

አንድ የቀረ ነገር፦ የተገዛው ጌጅ ላይ ያለው ኪሎሜትር የኔ መኪና አይደለም። የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር ከነቀኑ ጽፌ ሊብሬው ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ዘይት የምቀይረውም ከዚያ እየቆጠርኩ ነው።