«ጉልበት የለሽም»

ሠልጣኟ ባሬል ሮሉን፣ ማለትም ከማዕበል ላይ ተነስቶ ከጄት ስኪው ጋር በጎን ሙሉ ዙር መገልበጡን፣ ሦስት አራተኛ ድረስ ታደርሰውና እዚያው ይቀርባታል። ጄት ስኪው በቀኝ ጎኑ ውሃው ላይ ይወድቃል፣ እሷ ትንሽ ራቅ ብላ ብቅ ትላለች። አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ የሚሰጣት ምክር አንድ ብቻ ነበር፦ «መሪውን ሳቢው! ጠንከር አድርገሽ ሳቢው!» አሥራ አንደኛው ሙከራ ሲከሽፍ ሁሉም በሚሰማበት «ጉልበት የለሽም፤ ይሄ ላንቺ የሚሆን አይደለም» አላት።

መካኒኩ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ካንዴላ እያጸዳ ነበር። ቀና ሳይል፦

«ጉልበቷን ተዋት። ጣቷን ስማ» አለው።

«ጣት ይሰማል እንዴ?»

«ሞተሩ ይናገራል። የማዕበሉ ጫፍ ላይ ሳትደርስ በአውራ ጣቷ የያዘችውን ነዳጅ መስጫ ትለቃለች። አንተም እንደኔ ዞረህ ቁምና ስማ።»

አሠልጣኙ አልዞረም። ዞሮ ያዳመጠ ሁሉ ግን ሰማው። ድምፁ ማዕበሉን ሲወጣ ይጠነክራል፤ ከጫፉ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ልክ እንደተቆረጠ ይረግባል። መሪውን የምታዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ለምን ሮሉን እንደሚገድለው ለሠልጣኝ መጀመሪያ ሊነገር የሚገባ ነገር ነው። ቆመው የሚነዱት ጄት ስኪ እንደ ጀልባ ውሃ ውስጥ ገብቶ አቅጣጫ የሚያስይዝ መቅዘፊያ የለውም። የሚያዞረው ፓምፑ ከኋላ የሚያስወጣው የውሃ ግፊት ብቻ ነው፤ መሪው የሚያደርገው ውሃው የሚወጣበትን አፈሙዝ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማዘንበል ነው። ነዳጅ መስጫው ከተለቀቀ ግፊት የለም፣ ግፊት ከሌለ መሪው እስከ መጨረሻው ቢታጠፍም ጅራቱን የሚወረውረው ነገር የለም። ሦስት አራተኛ ድረስ ያደረሳት የሰውነቷ ውርወራ ብቻ ነበር። ይህን እንኳ ማድረጓ ብርቱ መሆኗን ነው የሚያሳየው።

«ሳቢው» የሚለውም ምክር ቢሆን ልክ አይደለም። መሪው የተሰካበት ክንድ የጄት ስኪው አፍንጫ ላይ በማጠፊያ የተያያዘ ነው፤ ወደ ላይ ቢጎትቱት ክንዱ ብቻ ይነሳል እንጂ ቀፎው፣ ማለትም የጄት ስኪው አካል፣ አይነሳም። ባለ 701 ሲሲው ያማሃ ሱፐርጄት ነዳጅ ሳይሞላ 139 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ክብደት የሚያነሳው ማዕበሉ፣ ፓምፑና እግር ነው። ጉልበት ይታጠፋል፣ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጅራቱ ይሰምጣል፣ ከዚያ በእግር መያዣዎቹ ውስጥ የተቀረቀሩት እግሮች ቀፎውን ይዘው ይወጣሉ። እግር መያዣው ላላ ካለ ነጂው ይዞራል፣ ጄት ስኪው ይቀራል።

መካኒኩ በዚያው ቀን ማሽኑንም ፈተሸላት፤ ጥፋቱን ሰው ላይ ከመጣሉ በፊት ማሽኑን ማየት ልማዱ ነው። የውሃ መግቢያው ፍርግርግ ላይ ሣር አልተጠመጠመም፣ ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው የኢምፔለሩ ምላጮች አልታጠፉም፣ በዙሪያው ያለውን ቀለበት አሸዋ አልፋቀውም። በምላጮቹና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፓምፑ ግን ውሃውን አይጨብጥም፤ ምልክቱ ነዳጅ ከመልቀቅ ጋር ይምታታል። ሁሉም ደህና ነበር።

ከዚያ ጄት ስኪውን መቆሚያው ላይ አውጥቶ ሞተሩ እንደጠፋ አለማመዳት። የሚያቀዘቅዘው ውሃ በፓምፑ በኩል ስለሚመጣ ደረቅ ላይ አስነስቶ መለማመድ ሞተሩን ያቃጥላል። ቆማ፣ እግሯን ቀርቅራ፣ ጮክ ብላ «ስጥ» እያለች አውራ ጣቷን ትጫናለች፤ መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አጥፋ ወደ ዳሌዋ ታስጠጋለች፣ አገጯን ከመሪው ታርቃለች፣ ዓይኗን በግራ ትከሻዋ ላይ አሻግራ ትወረውራለች። ራስ ወደ ዞረበት ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻን ዳሌ ይከተላል። ሠላሳ ጊዜ ያህል ደገመችው።

ማዕበሉንም መረጠላት፦ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ግን ያልተሰበረ። ነጭ አረፋ ላይ ፓምፑ ውሃ ከአየር ጋር ስለሚስብ ግፊቱ በሚፈለግበት ሰዓት ይከዳል። ፊት ለፊት ሳይሆን ጥቂት ሰያፍ አድርጋ እንድትወጣው፣ ጫፉ ላይም «አውራ ጣትሽን እንዳታነሺ» አላት።

አላነሳችም። በሁለተኛው ሙከራ ሙሉ ዞረች፣ ቀፎው በሆዱ አረፈ፣ ዳር ያለው ሁሉ ጮኸ። ሦስተኛውም ተሳካ። በአራተኛው ግን ከማረፊያው ጋር አንድ ደረቅ ድምፅ ተሰማና ሞተሩ እየጮኸ ጄት ስኪው ቆመ። ሞተሩንና ፓምፑን የሚያዞረውን ዘንግ (ሻፍቱን) የሚያገናኘው ጎማ ተበጣጥሶ ነበር።

ምክሩ እውነት ነበር፣ ግን ግማሹ ነው። ፓምፑ ከውሃ ሲወጣ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሽከረከራል። በዚያ ፍጥነት ላይ እያለ ፓምፑ ድንገት ውሃ ሲያገኝ ምቱ በሙሉ የሚያርፈው በዚያ ጎማና በሻፍቱ ላይ ነው። መካኒኩ ሽፋኑን ከፍቶ ካየ በኋላ ወደ እሷ ዞሮ፣ «ይሄ የኔ ጥፋት ነው፤ መቼ እንደምትለቂ አልነገርኩሽም» አላት። በሥራ ቦታ ይህን ቃል መስማት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል።

ጎማው ተቀይሮ ስትመለስ ቃሉ ሦስት ሆኗል፦ ስጥ፣ ልቀቅ፣ ስጥ። ጅራቱ ከማዕበሉ ጫፍ እስኪላቀቅ ሙሉ ነዳጅ፤ አየር ላይ ጣት ይነሳል፤ ቀፎው ነክቶ ፓምፑ ውሃ ሲጨብጥ እንደገና ይሰጣል፣ አለበለዚያ አፍንጫው ይሰምጣል። ማረፊያው ላይ ጉልበት ታጥፎ መቆየት አለበት። ካልተሳካና ከተገለበጠ ደግሞ ጅራቱ ላይ ያለው ተለጣፊ በሚያሳየው አቅጣጫ ብቻ ነው የሚመለሰው፤ በተቃራኒው ከዞረ በጭስ መውጫው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባል።

አሁን ከአሥር ስምንቱን ታሳርፋለች። አሠልጣኙ ለአዲሶቹ ሠልጣኞች «ስጥ፣ ልቀቅ፣ ስጥ» እያለ ያስተምራል፣ በደንብም ያስተምራል። በሁሉም ፊት የተናገራትን ቃል ግን በሁሉም ፊት አላነሳላትም። ያ ጠዋት ዳር የነበርን ሰዎች እየጠበቅን ነው።