አምባሰልን ጊታር አንገት ላይ

ሰሞኑን ልቤ ያለው ጊታር ላይ ነው።

የምሠራው ደሴ ውስጥ ነው። አንዲት ሌዘር ማሽን አለችኝ። እንጀራዬ ማኅተም ነው፣ የቢሮ በር ላይ የሚለጠፍ የስም ሰሌዳ ነው፣ ለተመራቂ የሚሰጥ እንጨት ላይ የተቀረጸ ፎቶ ነው። ጊታር በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። አንድ የሠርግ ባንድ ጊታሪስት ፒክጋርዱ ላይ ስሙን እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ፒክጋርድ ከክሮቹ ሥር ያለችው፣ የጊታሩ ቀለም እንዳይጫጫር የምትከላከለው ፕላስቲክ ናት። ከእሱ በኋላ ጓደኛው መጣ። ከዚያ የጓደኛው ጓደኛ። አሁን ከኮምቦልቻም ከወልዲያም ዕቃቸውን በመኪና የሚልኩ ልጆች አሉ።

ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ግን ስለ አንድ የጊታር አንገት ነው።

ጋሼ የምላቸው ደንበኛዬ በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር። አሁን ሰፈር ውስጥ ልጆች ያስተምራሉ። የጊታሩን አንገት ፈትተው፣ በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ። አንገቱ ለብቻው መፈታቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 1954 የወጣው ስትራቶካስተርና እሱን አይተው የተሠሩት ጊታሮች አንገታቸው በሙጫ አልተጣበቀም። ከኋላ በአራት ብሎን ነው የታሰረው። ብሎኖቹን ስትፈታ አንገቱ ልቅም ብሎ ይወጣል። ሙሉ ጊታር የማትችል ትንሽ ማሽን አንገቱን ብቻ ትችላለች።

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና «እነዚህን ነጥቦች ታያቸዋለህ ልጄ?» አሉኝ።

ጊታር ነክቶ የሚያውቅ ሰው ነጥቦቹን ያውቃቸዋል። ፍሬት የሚባሉት አንገቱን አቋርጠው የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። 3ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛው እና 9ኛው ፍሬት ላይ አንድ አንድ፣ 12ኛው ላይ ሁለት። ተጫዋቹ እጁ የት እንደደረሰ እንዲያውቅ ነው የተቀመጡት።

«የልጆቹ ዓይን እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው። ጣታቸው ደግሞ ዓይናቸውን ይከተላል። አምባሰል ተጫወት ስለው አንደኛውን ይዘልና ሦስተኛው ላይ ይወርዳል። አምባሰል እኮ እዚያ የለም።»

ወረቀት አወጣንና ቆጠርን። ወፍራሙን ክር ባዶውን መትተን መነሻ ካደረግነው፣ በዚያው ክር ላይ አምባሰል የሚውለው 1ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛው፣ 8ኛው እና 12ኛው ፍሬት ላይ ነው። ከፋብሪካ ከመጡት ነጥቦች 5፣ 7 እና 12 ይገጥማሉ። 3 እና 9 ግን ከአምባሰል ውጪ ናቸው። 1ኛው እና 8ኛው ደግሞ ጭራሽ ምልክት የላቸውም። ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የምትለው፣ ያቺ ሆድ የምታባባው ድምፅ ያለችው ግን 1ኛው ላይ ነው። እሷ ከሌለች አምባሰል የለም።

ነገሩ ስላጓጓኝ ሌሎቹን ቅኝቶችም ሞከርኳቸው። ባቲ ማይነር 3፣ 5፣ 7፣ 10 እና 12 ላይ ይውላል። 9ኛው ነጥብ አንድ ፍሬት ወደ ላይ ቢገፋ ኖሮ የፋብሪካው ነጥቦች ባቲ ነበሩ ማለት ነው። ለካ ልጆቹ ባቲን ቶሎ የሚይዙት፣ አምባሰል ላይ የሚደናበሩት ወደው አይደለም። ትዝታ ሜጀር ደግሞ 2፣ 4፣ 7፣ 9 እና 12 ነው፤ ከነጥቦቹ ጋር ግማሽ በግማሽ ይስማማል።

ይህ ነገር ከነከነኝ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ስም ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚደምቀው ናት። አምባሰል ሐይቅን አልፈው ሲሄዱ ያለው ተራራማ አገር ነው፣ ውጫሌ ያለችበት። እዚህ ያደገ ልጅ አምባሰልን በጆሮው ያውቀዋል። ማሪቱ ለገሠን ሳይሰማ ያደገ ማን አለ? ጆሮው ያወቀውን ግን ጣቱ አላወቀውም፤ መንገድ የሚያሳየው ምልክት የለማ።

ክራር ይህ ችግር የለበትም። አምባሰል አድርገህ ከቃኘኸው ሁሉም ክር አምባሰል ነው፤ የትኛውንም ብትነካ ከቅኝቱ አትወጣም። ጊታር አሥራ ሁለቱንም ግማሽ ድምፆች ይዞ ነው የሚመጣው። የማያስፈልግህን መዝለል ያንተ ሥራ ነው። የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም ሲጫወት እኔ ጊታሩ ውስጥ ክራር ይሰማኛል። እዚያ ለመድረስ ጣት ብዙ መዝለል መማር አለበት።

ጋሼ መጀመሪያ የፈለጉት በስድስቱም ክር ሥር ምልክት እንዲኖር ነበር። እስከ 12ኛው ፍሬት ድረስ በአንድ ክር አምስት ቦታ ነው፣ ለስድስት ክር 30። ኮምፒውተር ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው። እኔ አልወደድኩትም። ሠላሳ ምልክት ያለበት አንገት ላይ ዓይን የሚይዘው ያጣል። ደግሞ ልጁ ዕድሜ ልኩን ካርታ እያየ እንዲጫወት አልፈልግም። ወፍራሙ ክር ላይ መነሻውን ካወቀ ሌላውን ጆሮው ይፈልገው። አምስት ትናንሽ አልማዝ ቅርጾች በወፍራሙ ክር በኩል፣ ተጫዋቹ አንገቱን ደፋ ሲያደርግ የሚያያቸው፣ ከመድረክ ሥር የቆመ ሰው የማያያቸው። ጋሼ ዝም ብለው አሰቡና «ይሁን፣ እንዳልክ» አሉኝ።

አብዛኛው ደንበኛዬ ተመልካች እንዲያይለት ነው የሚያስቀርጸው። አልነቅፍም። እኔ ግን የምወደው ለተጫዋቹ ብቻ የተሠራውን ነው። ጊታር ገላህ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ከላይ ወደ ታች ስታየው የምታየው ሌላ ነው፣ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ሌላ። በተጫዋቹ ዓይን በኩል ሆኖ የሚቀርጽ ሰው አላየሁም፤ ለዚህ ነው ይህን ሥራ እንደዚህ የወደድኩት።

ወደ ሥራው ልግባ። የጣት ሰሌዳው ሮዝዉድ ነው፣ ጥቁር ቡናማ እንጨት። ሌዘር እንጨት ላይ የሚጽፈው በማቃጠል ነው። ነጣ ያለ እንጨት ላይ ቃጠሎው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጥቁር እንጨት ላይ ግን ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ውስጥ መቆፈርና ጉድጓዱን በነጭ ነገር መሙላት ያስፈልጋል። የተጠቀምኩት የበሬ አጥንት ነው። አጥንት ለጊታር ባዳ አይደለም፤ ክሮቹ ጫፍ ላይ የሚያርፉባት ትንሽ ድልድይ ድሮም ከአጥንት ነው የምትሠራው። አጥንቱን ስቡ እስኪወጣ ቀቀልኩት፣ አደረቅኩት፣ በሞረድ ሞረድኩት። ዱቄቱ እንደ ነጭ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው።

ከዚያ ልኬቱ። የዚህ ጊታር ክር ከጫፍ ጫፍ 648 ሚሊሜትር ነው። 12ኛው ፍሬት ልክ ግማሹ ላይ ነው፣ 324። የመጀመሪያው ፍሬት ክፍተት 36 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፣ 8ኛው ግን 24 ብቻ። አምስቱንም አልማዝ እኩል ብታደርጋቸው ላይኛዎቹ ተጨናንቀው ይታያሉ። ስለዚህ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ትንሽ ትንሽ አሳነስኳቸው። ሌላም አለ፤ የጣት ሰሌዳው ጠፍጣፋ አይደለም። ከመሃሉ ወደ ጠርዙ አንድ ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የሌዘር ጨረር ደግሞ ጥርት አድርጎ የሚጽፈው በትክክለኛው ከፍታ ላይ ነው፣ ከዚያ ሲርቅ ይደበዝዛል። የእኔ ምልክቶች ጠርዝ ላይ ስለሆኑ ከፍታውን መሃሉ ላይ ሳይሆን እዚያው ጠርዙ ላይ ለካሁ።

ፊቱን ሙሉ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩት፣ ጭሱ እንጨቱን እንዳያበላሽ። መጀመሪያ ጉልበቱን ዝቅ አድርጌ ፕላስተሩ ላይ ብቻ አስጻፍኩ። ቦታው ትክክል መሆኑን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው ወደ እንጨቱ የገባሁት። አንገቱን ያስቀመጥኩት በልኩ በተቆረጠ አክሪሊክ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። አክሪሊኩ ማሽኑ ጥግ ላይ ይገጥማል፤ ቢነሳም ተመልሶ እዚያው ይገባል። መብራት በፈለገው ሰዓት የሚሄድበት ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ግዴታ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ የት እንደነበረ ይረሳል። ሦስተኛው አልማዝ ላይ እያለን መብራት ሄደ። ሲመለስ ከቆመበት ቀጠልን፣ ቅንጣት አልተዛነፈም።

ጉድጓዶቹን በአጥንት ዱቄት ሞላሁ፣ ሱፐር ግሉ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ከእንጨቱ እኩል አስተካከልኩት። መጨረሻ ላይ ዘይት ስቀባው እንጨቱ ጠቆረ፣ አጥንቱም ገና ያኔ ፈካ።

ሥራውን ለመጀመር ለሚያስቡ ልጆች አንድ ነገር ልንገራቸው፣ ምክንያቱም ጤና ነው። ሁሉም ፒክጋርድ ሌዘር ውስጥ አይገባም። አክሪሊክ ከሆነ ይግባ። ብዙዎቹ ግን ፒቪሲ ናቸው። ፒቪሲ በሌዘር ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል። መለያው ቀላል ነው። የመዳብ ሽቦ እሳት ላይ አግለህ ፕላስቲኩን ከጀርባው በማይታይ ቦታ ነካ አድርገው። ከዚያ ሽቦውን መልሰህ እሳቱ ውስጥ ክተት። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፣ ተወው። ደጅ ወጥተህ ሞክረው፣ ትንሽዋም ጭስ ጥሩ አይደለችም። ደንበኛ «አንዴ ብቻ» እያለ ቢለምንህም እምቢ በል።

ብረትም ልክ አለው። የእኔ ማሽን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ነው፣ ጨረሩ 10.6 ማይክሮሜትር። እንጨት፣ ቆዳ፣ ጎማ ይበላል፤ የተራቆተ ብረት ግን ያንጸባርቀዋል። ለብረት ፋይበር ሌዘር ነው የሚሆነው። ስለዚህ አንገቱን ከኋላ የምትይዘውን የብረት ሳህን የሚያመጡልኝን ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ ብቻ እቀበላለሁ። ሌዘሩ ቀለሙን ያነሳዋል፣ ብረቱ ከሥር ብቅ ይላል።

ሌላም እምቢ የምለው ነገር አለ። መስቀል ጊታር ላይ አልቀርጽም። የላሊበላን መስቀል ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው፣ ቅርጹ ያምራል፣ አገራችን ነው። የመንዙማ ስንኝ ወይም የቁርኣን አንቀጽ በዓረብኛ እንድጽፍላቸው የጠየቁኝም አሉ። ጊታር ግን መጠጥ ቤትም ይገባል፣ መሬትም ላይ ይጋደማል፣ ሰው ይረግጠዋል። ወሎ ውስጥ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት አለ፤ አንዱ የሌላውን ክብር ጠብቆ ነው የኖረው። እኔም በማሽኔ ያንን ማፍረስ አልፈልግም። በምትኩ ሰፌድ አሳያቸዋለሁ። ከመሃል ተነስቶ እየዞረ የሚሰፋው የሰፌድ ጥለት ለፒክጋርድ የተፈጠረ ይመስላል። አብዛኞቹ ካዩት በኋላ እሱን ይመርጣሉ።

አንገቱን ጋሼ ራሳቸው አሰሩት፣ ክር አደረጉበት፣ ቃኙት። የሚያስተምሩት ልጅ አብሯቸው ነበር። ባዶውን ክር መታና ጎንበስ ብሎ አየ፣ ከዚያ 1ኛውን ያዘ። ጋሼ «አዎ፣ እሷ ናት! ትንሽ ወጠር አድርጋት» አሉት። ምክንያቱም የጊታር ፍሬት ድምፁን እኩል እኩል ነው የሚከፍለው፣ የአምባሰል ዘፋኝ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ልብ ያለው ጊታሪስት ክሩን ገፋ አድርጎ ይጠጋዋል። ይህንን ማንም ሌዘር አይቀርጽም። ልጁ ገፋ አደረጋት። ጋሼ በራሳቸው አወዛወዙ።

አሁን ደግሞ ሌላ አንገት መጥቷል፣ አንቺሆዬ ይፈልጋሉ። 1፣ 5፣ 6፣ 9 እና 12። ይኸኛው ሜፕል ነው፣ ነጭ እንጨት፣ ላዩ ቫርኒሽ የተቀባ። አጥንት አያስፈልገውም፣ ቃጠሎው ራሱ ይታያል። ቫርኒሹ ግን ጠርዙ ላይ እንዳይሰነጠቅ በትንሽ ጉልበት ደጋግሞ መሄድ ይሻላል። ከዚያው ዓይነት ቫርኒሽ ቁራጭ እንጨት ቀብቼ አድርቄያለሁ፤ ነገ መብራት ካለ በእሱ እጀምራለሁ።