በዩክሬን ምርጫ በሌለበት መንግሥትን የሚጠይቀው ማነው?

የቮሎዲሚር ዘለንስኪ የሥልጣን ዘመን ስላበቃ ሕጋዊ ፕሬዝዳንት አይደለም የሚለው ክርክር ዛሬም ይነሳል። ቃለ መሐላ የፈጸመው ሜይ 20 ቀን 2019 በመሆኑ (ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አምስት ዓመቱ በ2024 ሞልቷል፤ ይህ እውነት ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 108 አዲሱ ፕሬዝዳንት ሥልጣን እስኪረከብ ድረስ ነባሩ በሥራው ላይ እንደሚቆይ ይደነግጋል። አንቀጽ 83 ደግሞ የፓርላማው ዘመን በወታደራዊ ሕግ ወቅት ቢያልቅ እንደሚራዘም በግልጽ ይናገራል። ክርክሩ ክፍተት የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው፤ ለፓርላማው በግልጽ የተጻፈው ለፕሬዝዳንቱ በዚያው ቃል አልተጻፈም። ክፍተቱን የሚሞላው ወታደራዊ ሕግ እንዴት እንደሚሠራ የሚደነግገው አዋጅ አንቀጽ 19 ሲሆን፣ ወታደራዊ ሕግ በሥራ ላይ እያለ የፕሬዝዳንትም የፓርላማም ምርጫ ማካሄድን ይከለክላል። አዋጁ የወጣው በ2015፣ ዘለንስኪ ወደ ፖለቲካ ሳይገባ ነው።

ወታደራዊ ሕጉ ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ጀምሮ ሳይቋረጥ የተራዘመ ሲሆን፣ ከሜይ 2022 ወዲህ ማራዘሚያው በየ90 ቀኑ ነው። ፕሬዝዳንቱ ያቀርባል፤ ፓርላማው፣ ማለትም ቬርኮቭና ራዳ፣ በ226 ድምፅ ያጸድቃል። ይህ ቁጥር የሚሰላው ከ450 መቀመጫ ነው። ክሪሚያና የዶንባስ ከፊል ግዛት በሩሲያና በምታግዛቸው ኃይሎች እጅ ስለነበሩ በ2019 የተመረጡት 424 ብቻ ቢሆኑም፣ የሚያስፈልገው ድምፅ አልቀነሰም። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 የዘለንስኪን ሕጋዊነት የሚያረጋግጥ የውሳኔ ሐሳብ 218 ድምፅ ብቻ አግኝቶ የወደቀው በዚሁ ስሌት ነው። በማግስቱ በ268 አለፈ።

ሕጋዊነቱ ላይ ጥያቄ የለኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን የማይታወቅ ሕዝብ ሹመኞቹን በምን ይቆጣጠራል?

አንዱ መልስ በጁላይ 2025 ታየ። በዩክሬን የከፍተኛ ባለሥልጣናትን ሙስና ናቡ (ብሔራዊው የፀረ ሙስና ቢሮ) ይመረምራል፣ ሳፖ (ልዩው የፀረ ሙስና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ) ይከሳል፣ ከፍተኛው የፀረ ሙስና ፍርድ ቤት ይፈርዳል። ጁላይ 22 ፓርላማው በ263 ድምፅ ያጸደቀው ሕግ ሰንሰለቱን መሐል ላይ በጠሰው። ፕሬዝዳንቱ የሚሾመው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የናቡን መዝገብ አስቀርቦ እንዲያይ፣ ወደ ሌላ መርማሪ አካል እንዲያዛውር፣ ለመርማሪዎቹም ትእዛዝ እንዲሰጥ ሥልጣን ተሰጠው። ይባስ ብሎ ድንጋጌዎቹ የተሰነቀሩት በጦርነቱ ስለጠፉ ሰዎች ምርመራ በሚያወራ ረቂቅ ሕግ ውስጥ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ልጃቸው የት እንደወደቀ በማያውቁበት አገር፣ ይህ የእነሱን ሐዘን መሸፈኛ ማድረግ ነው።

ዘለንስኪ ሕጉን በዚያው ዕለት ፈረመ። ሰዉ ደግሞ በዚያው ምሽት ከፕሬዝዳንቱ ጽሕፈት ቤት በቅርብ ርቀት ወዳለው የኢቫን ፍራንኮ ቴአትር አደባባይ ወጣ። ወታደራዊ ሕጉ ሰልፍን ሊገድብ ይችላል፤ የኪዬቭ ሰዓት እላፊም እኩለ ሌሊት ላይ ይጀምራል። ቢሆንም ወጡ፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። የያዙት ከዕቃ መያዣ ሣጥን የተቀደደ ካርቶን ነው፤ ጽሑፉ በማርከር፣ በየራሳቸው እጅ። ሰዓት እላፊው ሲቃረብ ወደ ቤታቸው፣ በማግሥቱ ማታ እንደገና ወደ አደባባዩ። ሊቪቭ፣ ኦዴሳና ድኒፕሮም ተከተሉ። የአውሮፓ ኅብረትም ተቃውሞውን አሰማ። ጁላይ 31 ፓርላማው የተቋማቱን ነጻነት በ331 ድምፅ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ መለሰ።

የዚህ ጥቅም በኖቬምበር ታየ። ናቡ ከ15 ወር ምርመራና ከ1,000 ሰዓት የድምፅ ቅጂ በኋላ፣ በኑክሌር ኃይል ድርጅቱ በኤነርጎአቶም ተፈጸመ ያለውን ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዘረፋ ይፋ አደረገ። እንደ መርማሪዎቹ ገለጻ ኮንትራክተሮች ከውላቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ጉቦ ይጠየቁ ነበር፤ እምቢ ያለ ክፍያው ይታገድበታል። አሠራሩን በመንገድ ላይ ኬላ መዝጊያ ስም ይጠሩት ነበር። ኖቬምበር ሳያልቅ ፓርላማው ሁለት ሚኒስትሮችን አሰናበተ፤ የፕሬዝዳንቱ ቀኝ እጅ አንድሪ ዬርማክም ቤታቸው በተፈተሸበት ዕለት፣ ኖቬምበር 28፣ ሥራቸውን ለቀቁ። የጁላይ 22ቱ ሕግ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ይህን መዝገብ ከናቡ እጅ ለማውጣት የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አንድ ውሳኔ ይበቃ ነበር።